ከዘጠኝ ሰዓት በፊት

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ያን ሁሉ ፕላስቲክ ለብሳ፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ፣ አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችኝ። «አስታማሚ አንዴ ከገባ በሽተኛው እስኪወጣ ድረስ አይወጣም። ገብቶሻል?» ገብቶኛል አልኳት። ምን ሊገባኝ! አባቴን ከአምባ ጊዮርጊስ በአምቡላንስ አመጡት የሚል ስልክ ሲደርሰኝ ጨርቄን ማቄን ሳልል ነው የሮጥኩት። የሰው ቀሚስ ግማሽ እጅጌው መርፌው ሥር እንደተወጠረ ትቼው፣ የስፌት መኪናዬን እንኳ ሳልሸፍን። ወደ ውስጥ አለፍኩ፣ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ሰማሁ። በትክክል የገባኝ ያኔ ነው።

ጊዜው የኮሮና ነው፤ ዐቢይ ጾምም ከገባ ገና ሳምንቱ ነበር። በክፍሉ ውስጥ አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ በየራስጌው ኦክስጅኑ ይንሾካሾካል። መስኮቶቹ ለአየር ተብለው ቀን ከሌት ክፍት ናቸው፣ ግን ብረት ተገጥሞላቸዋል። በኮሪደሩ ጫፍ እንዲሁ በብረት የታጠረ አንድ በረንዳ አለ። እዚያ ስቆም የቀሐ ወንዝ ዛፎች ይታዩኛል፤ ቤቴ ከነዚያ ዛፎች በታች ነው። በባጃጅ ብሄድ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ሳያልቅ እደርሳለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነበር። ሩቅ አገር ብታሰር ኖሮ ልቤም አብሮ ይታሰር ነበር፤ የቤቴን ዛፍ እያዩ መታሰር ግን ሌላ ነገር ነው።

አባቴ ቄስ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ባለች አንዲት ደብር ያገለግላል፣ ያርሳል፣ የብዙ ሰው የንስሐ አባት ነው። ከመጣ ጀምሮ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ይተነፍሳል። ስኳር በሽታ አለብህ ተብሎ አያውቅም ነበር። በገባ በሦስተኛው ቀን ግን ጣቱን ወግተው ሲለኩት መሣሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር አይተው ነርሶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ እነሱም እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ስማቸውን በወፍራም ስክሪፕቶ ጀርባቸው ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ የማውቃት በድምጿና በአረማመዷ ነው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ እንዲህ ስትል አስረዳችን፤ «አባ፣ ለሳንባዎ የምንሰጥዎ መድኃኒት ጥሩ ነው፣ እሱን ማቆም አንችልም። ግን ስኳርን ይሰቅላል። በሽታው ራሱም ይሰቅላል። ስኳሩ ከተሰቀለ ደግሞ ሰውነትዎ በሽታውን መታገል ያቅተዋል። ስለዚህ በኢንሱሊን እናወርደዋለን።»

«አንዱን ስትሰቅሉ አንዱን ስታወርዱ እኔን ደወል አደረጋችሁኝ» አላት አባቴ። ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሳቋን ተወች። «ኢንሱሊን ከምግብ ጋር ነው የሚሄደው። ተወግተው ካልበሉ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ያልቧቸዋል፣ ይቀባዥራሉ፣ ካልደረስንላቸው ይሞታሉ። ያንቺ ሥራ በሰዓቱ እንዲበሉ ማድረግ ነው።» ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር። አባቴ በጊዜ ይብላ።

በዚህ በኩል ደግሞ ሥጋት አልነበረብኝም። ቄስ ስለሆነ ጾም አልፈታም ብሎ ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ግን ቁርሱን ሳይለመን በላ። «ምነው ታዪኛለሽ? የታመመ ሰው ጾም የለበትም። እኔ ስንቱን ብላ ብዬ ፈትቼ፣ አሁን ራሴ ብጾም ሰዉ ምን ይለኛል?» አለኝ። ሽሮውን በእንጀራ ጠርጎ ጨረሰ። ሸጋ ነው፣ አልኩ በልቤ በእሱ አነጋገር። አስታማሚ በሽተኛው አጠገብ ጭምብሉን አውልቆ መብላት ስለተከለከለ፣ እኔ በየምግቡ ሰዓት ወደ በረንዳው እሄዳለሁ። እዚያ በብረቱ በኩል ቀሐን እያየሁ እበላለሁ። ስመለስ ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ወንድሜ ምግብ ሊያቀብለኝ መጥቶ ሲጠራኝ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ስኳሩም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወረደ መጣ።

ከዚያ ጉሮሮዬን ቆረቆረኝ።

መጀመሪያ አቧራ ነው አልኩ። በማግሥቱ ሳል መጣ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ አፍንጫዬ ሽታ መለየት ተወ። ናሙና ወሰዱ፤ አለብሽ አሉኝ። ዶክተሯ ደረቴን አዳመጠች፣ ጣቴ ላይ ያንን መቆንጠጫ አድርጋ ኦክስጅኔን አየች። «ቀላል ነው፣ አትፍሪ» አለችኝ። እንዴት አልፍራ? እስከዚያ ድረስ ከፋኝ ባልኩ ቁጥር ወንድሜ ገብቶ ይተካኛል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አሁን እሱም ቀረ። አባቴ ቢድን እንኳ እኔን አያስወጡኝም። ከሁሉም በላይ ያ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ወለል፣ ያ የበረኪና ሽታ (በመጨረሻ ሽታውንም አጣሁት እንጂ)፣ ያ ከውጭ የሚዞር ቁልፍ ደረቴ ላይ ተቀመጠብኝ። ታፈንኩ። ብረቱን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባቴ ዜናውን ሰማ። አንዴ ትኩር ብሎ አየኝ፣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ሳበና ወደ ግድግዳው ዞረ። ተኛ ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ረፋድ ላይ ሲለኩት ስኳሩ ወርዷል፣ ማታ ሲለኩት ሰማይ ነክቷል። ዶክተሯ መጠኑን ቀነሰች፤ ማታ ከአራት መቶ አለፈ። ጨመረች፤ ጠዋት መሬት ወረደ። አባቴ ማታ ማታ ውሃ ውሃ ይላል፣ ደጋግሞ ይሸናል፣ ጉንጩ ገባ። «ምግብ በሥርዓቱ ይበላሉ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ይበላል እላለሁ። እሱን ራሱን ትጠይቀዋለች፤ «አባ፣ ቁርስ በሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምሳስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆኜ ቁርሴን እየበላሁ ከክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። የሚጣራው የጎረቤት አልጋው በሽተኛ ነው፣ የወገራ ገበሬ፣ እሱም ቱቦ አፍንጫው ላይ አለ። «አንቺ ልጅ! ነይ ቶሎ! ቄሱ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል!» ስደርስ አባቴ ዓይኑን ፈጥጦ ወደ ጣሪያው ያያል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ቅዳሴ ይላል። ግን ይሳሳታል። መጀመሪያውን ከመጨረሻው ይደባልቃል፣ የሕዝቡን ተሰጥዖ ራሱ ይመልሳል፣ ከመካከል ስለ በሬ ያወራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቀድስ ሰምቼዋለሁ፤ አንዲት ቃል ስቶ አያውቅም። ነርሶቹ ሮጡ፣ ስኳሩን ለኩ፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰደዱለት። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰና ዙሪያውን አየ።

«ምነው ተሰበሰባችሁ? ሰው ሞተ?» አለ።

በዚያ ቀን ቁጣዬ ሁሉ የወረደው በዶክተሯ ላይ ነው። ኮሪደር ላይ ይዣት «አባቴን መለማመጃ አደረግሽው እንዴ? ዛሬ ስቀዪ ነገ አውርጂ!» አልኳት። መነጽሯ ውስጡ በእንፋሎት ደፈረሰ፤ አለቀሰች ይሁን ወይ ሞቋት አላውቅም። «የሆነ ያላየሁት ነገር አለ» አለችና ሄደች። ከድጡ ወደ ማጡ ገባን። ቢወጉት ይወድቃል፣ ባይወጉት ይሰቀላል፣ እኔ ደግሞ መሐል ቆሜ ከማየት በቀር የምይዘው ነገር የለኝም። ከዚያች በረንዳ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ በረንዳው። ግርግም ላይ የታሰረ በቅሎ እንኳ ከዚህ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ይራገጣል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አባቴን የሳንባ ራጅ ሊያነሱት በተሽከርካሪ አልጋ ይዘውት ሄዱ። ገበሬው ወደ እኔ ዞረ። ለመናገር እየተቸገረ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ የሰው ገመና አላወጣም ብዬ ዝም ብዬ ነበር» አለኝ። «እንግዲህ ግን ሰው እየሞተ ዝም አይባልም። አባትሽ አይበሉም።»

«ይበላል እንጂ! ምሳ ዕቃውን የማጥበው እኔ ነኝ።»

«አንቺ በረንዳ ስትሄጂ ምግቡን ጋቢያቸው ውስጥ ይሸጉጡታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድምሽ በር ላይ ሲጠራሽ፣ አንቺ ወደዚያ ስትሄጂ፣ አማትበው ሁሉንም አንድ ላይ ይበሉታል። እስከዚያ ውሃም አይቀምሱ። ምነው አላየሽም?»

ከአልጋው ግርጌ የተጠቀለለውን ትርፍ ጋቢ ገለጥኩት። የጠዋቱ ዳቦ አለ። የምሳው እንጀራ ሽሮው ደርቆበት ተጣጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ተቀመጥኩ። ለካ ዶክተሯ መርፌውን የምትለካው ላልተበላ ምግብ ነው። ለካ ማታ የሚሰቀለው የሁለት ጊዜ ምግብ ባንዴ ገብቶ ነው። አባቴን ልንገድለው የደረስነው እኔም እሷም ሥራችንን በደንብ እየሠራን ነው።

ሲመልሱት ዳቦውን በእጄ ይዤ ጠበቅሁት። አየው። አልደነገጠም።

«የታመመ ጾም የለበትም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ጾሙ የእኔ አይደለም» አለ። ነገረኝ፤ እያሳለ፣ በየመካከሉ ትንፋሽ እየሰበሰበ። በሽታው ያዘሽ ያሉኝ ዕለት ተስሏል። ልጄን ካተረፍክልኝ ይህን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እጨርሳለሁ ብሎ። «የመጣሽው በእኔ ምክንያት ነው። የያዘሽ ከእኔ ነው። እዚህ ተኝቼ ሌላ ምን እሰጣለሁ?»

አንጀቴን በላው፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደሜ ፈላ። ሁለቱ ባንዴ ይሆናሉ ብዬ አላስብም ነበር። «አንተ ብትሞትስ? እዚህ ግድግዳ ውስጥ ከሬሳህ ጋር ልቆለፍ? እሱን ነው ለእኔ የተሳልክልኝ?» ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። አባቴ እጄን ሊይዝ ፈለገ፤ ነጠቅሁት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተስያለሁ። አሁን ብበላና አንቺን አንድ ነገር ቢያገኝሽ፣ እኔ በየትኛው እግሬ ቤተ መቅደስ እገባለሁ?»

ለዶክተሯ ስነግራት ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። መርፌውን ለምን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አታዛውሪውም አልኳት። አስባበታለች። «የምሳውን ማዛወር እችላለሁ። ጠዋት የምንሰጠው ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ነው፤ ሆዳቸው ባዶ ከሆነ ቀስ እያለ ያወርዳቸዋል። እሱን ደግሞ ከተውኩት የሳንባው መድኃኒት ስኳሩን እስከ ማታ ይሰቅለዋል። ደክመዋል። ይህን መሸከም አይችሉም።» ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። ልታናግረው ገባች፤ ብዙ ለመነችው። በአክብሮት ሰማት፤ መረቃት፤ ዳቦውን አልነካም።

ያለው መንገድ አንድ ነበር። አባቴ ብዙ የንስሐ ልጆች ቢኖሩትም ለራሱም የንስሐ አባት አለው። እኚያ አባት መነኩሴ ናቸው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ባለ ደብር አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ፣ ስልክ የዓለም ነገር ነው ብለው አይዙም። ለወንድሜ ደወልኩለት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኬን እንደ ታቦት አቅፌ ተቀመጥኩ። ወንድሜ በመንገድ ላይ ነው፣ ዳገት እየወጣ ነው፣ አባ ጸሎት ላይ ናቸው ይጠብቁ ተብሏል፣ ኔትወርክ ጠፋ። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እግር እያለኝ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሰው እግር መጠበቅ! ጣቴን የምነክሰው እስኪደማ ነበር። አባቴ በበኩሉ ጠዋት መርፌው ቀርቶለት ስኳሩ ሽቅብ እየወጣ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ግድግዳውን እያየ ተኝቷል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፈትኩት። አባቴ የመነኩሴውን ሳል ሲሰማ፣ የሚያዩት ይመስል ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ጋቢውን መስቀለኛ አጣፋ።

«አንተ ቄስ» አሉት። «ስለት ተሳልክ አሉኝ።»

«አዎ አባቴ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

አባቴ የጋቢውን ጫፍ መጠቅለል ጀመረ።

«የንስሐ ልጅህ ሳያስፈቅድህ እንዲህ ያለ ሸክም ቢሸከም ምን ታደርገዋለህ?»

«እቀጣዋለሁ።»

«እንግዲያው ተቀጣ። ብላ።»

በደስታ ዘልዬ ልነሣ ነበር። አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። «አባቴ፣ እኔን ቅጡኝ። የፈለጉትን ስጡኝ። ስለቱ ግን የልጄ ሕይወት ነው። እሷን ዋጋ አስከፍላለሁ ብዬ ነው የምፈራ።» ከዚያኛው ወገን ነፋስ ብቻ ይሰማል። መነኩሴው መልስ ያጡ መሰለኝ፣ እኚያም ካጡ ደግሞ ሌላ ማን አለ? ያ በር፣ ያ ቁልፍ፣ ያ ዳቦ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝና አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«እኔ እጾመዋለሁ!» አልኩ። «ለእኔ አይደል የተሳለው? ለእኔው ስጡኝ!»

«ይህቺ ማናት?»

«ልጄ ናት አባቴ።»

«የታመመችው?»

«አዎ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ። «እንዲህ የሚጮኽ በሽተኛ አላየሁም። ድምጿ የተኛ በሬ ያስነሣል!» ገበሬው ከአልጋው ሆኖ ሳቀ። አባቴም ሳያስበው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ወደው አይስቁ። መነኩሴው ግን ቀልዱን ትተው ጠየቁኝ። «ደረትሽን ያምሻል?» አያመኝም። «ትኩሳት?» ለቆኛል። «ትችይዋለሽ?» እችላለሁ። «እንግዲያው ስሚ። አባትሽ የቤቱን ደጃፍ እስኪረግጥ ድረስ ስለቱ ያንቺ ነው። አንተ ቄስ፣ ያንተ ቀኖና ደግሞ ይህ ነው፤ ሐኪሟ ባለችህ ሰዓት ትበላለህ። ሳትጠግብ እጅህን ብታነሣ ቀኖናውን እንዳፈረስክ እቆጥረዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«አሜን» አለ አባቴ። በግንባሩ ትራሱ ላይ ተደፋ። ከእፎይታ ይሁን ከሽንፈት መለየት አልቻልኩም።

እኔ እንግዲህ የከተማ ጿሚ ነኝ። ሥጋና ወተት እተዋለሁ እንጂ ጠዋት አፌን ሳላብስ ከመኪናዬ ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ዶክተሯ ስትሰማ «አንቺም እኮ በሽተኛ ነሽ!» አለችኝ። «አልሰማሽም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አልሰማሁም» አለች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቴ ላይ ያንን መቆንጠጫ ሳታደርግ አታልፍም ነበር። በረንዳ መሄድም ቀረልኝ፤ የምበላው ስለሌለ እሱ ሲበላ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጠዋት መርፌውን ይወጋል፣ እኔ ምሳ ዕቃውን እከፍታለሁ፣ ይበላል። እንደ ቅጣት ያኝካል። ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና። ሽታ አለመለየቴ ያኔ በጀኝ፤ ሽሮው ግን ይታየኝ ነበር፣ ዓይን መቼም አይታመም!

በመጀመሪያው ምሳ ላይ አንድ ነገር ሆነ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሳያጎርስ በልቶ አያውቅም። ሁለት ሦስቴ ጎረሰና ሳያስበው እንጀራውን ጠቅልሎ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ተያየን። ጉርሻው ከጣቶቹ መካከል ሽሮውን እያንጠባጠበ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አፍ መለሰው። ያን ጉርሻ ሲውጥ ያየሁትን ፊት ሌላ ጊዜ ማየት አልፈልግም።

«ርቦሻል?» አለኝ።

«አልራበኝም።»

«ውሸታም።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይኸው ነበር። ይጠይቀኛል፣ እዋሸዋለሁ፣ ይበላል። መውጫ የለንም፤ እሱ በእኔ ታስሯል፣ እኔ በእሱ፣ ሁለታችንም በዚያ በር። አንዳንዴ ሆዴ ሲጮህ ላለመስማት ወደ ግድግዳው ይዞራል። ጠግቦ መብላቱ ከመራቡ ይልቅ አደከመው። ስኳሩ ግን ሰው መስማት ጀመረ። ረፋዱም ማታውም እየተቀራረበ መጣ። ዶክተሯ ውጤቱን ስታይ በጓንቷ አውራ ጣቷን ታሳየኛለች። የሳንባው መድኃኒት ሲያልቅ ኢንሱሊኑን እየቀነሰች እየቀነሰች ሄደች፤ ቱቦው ከአፍንጫው ወጣ፤ ገበሬው ከእኛ ቀድሞ ወጣ፤ በመጨረሻም የእኔም የእሱም ናሙና ነጻ ነው ተባለ። ቁልፉ ከውጭ ዞረ። በሩ ሲከፈት ለመውጣት እግሬ እምቢ አለ፤ ነርሷ በትከሻዬ ገፋ አደረገችኝ።

ወንድሜ ሚኒባስ ይዞ ጠበቀን። ቀሐ ወርጄ ቤቴን ልይ ብዬ ነበር፤ ግን ስለቱ የእሱ ደጃፍ እስኪረገጥ ነው፣ በዚያ ላይ ብቻውን አልሰደውም፣ ቀጥታ ወደ ላይ ወጣን። መንገድ ላይ ካለችው ኮሶዬ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሏል። ዶክተሯ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪለይለት ድረስ የምግብ ሰዓት እንዳያዛንፍ አስጠንቅቃዋለች፣ መነኩሴውም አስረዋል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ፊት ቆምን። ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ጊዜ በግድግዳ መካከል ስለቆየሁ ያ ሁሉ ሰፊ ነገር አስፈራኝና ጀርባዬን ለቤቱ ግድግዳ ሰጠሁ። ድንች ወጥ በእንጀራ መጣለት። ፊቱን በፀሐይ ብርሃን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጢሙ ከጥቁሩ ነጩ በዝቷል።

ጎረሰ። አየኝ። ዓይኔን ከእንጀራው ላይ አንሥቼ ወደ መንገዱ መለስኩ።

«ርቦሻል?» አለ።

«አልራበኝም።»

ውሸታም አላለኝም። እንጀራውን ቆረሰ፣ ድንቹን ጠቅልሎ እንደ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አደረገና እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። እጁ እንደ ሆስፒታሉ አየር ላይ አልቆመም፣ ከንፈሬ ድረስ መጣ። ወደ ኋላ አልኩ። «ገና ነው አባዬ። ደጃፍህን አልረገጥክም። ዘጠኝም አልሆነም።»

አባቴ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ዕድሜውን በሙሉ የዘጠኝ ሰዓትን ጥላ አይቶ የሚያውቅ፣ ደወሉ ሳይሰማ ውሃ ያልቀመሰ፣ ለሐኪም እንኳ ሲያፍር «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ከመዋሸት ያመለጠ ሰው ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

«ዘጠኝ ሆኗል» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ሰባት ሰዓት አልሞላም። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አባቴ እጁን አላወረደም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የጉርሻው ወጥ በክንዱ እየወረደ፣ «ዘጠኝ ሆኗል አልኩሽ» አለ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አፌን ከፈትኩ።